«ትንሽ ጀልባ ምን ታመጣለች?» ከመነሳታችሁ በፊት ከውሃ አውጧት

ጥያቄ፦ «ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ የምንኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። በቅርቡ ባለ 30 ጫማ ያገለገለች ባለሸራ ጀልባ ከሳን ፍራንሲስኮ ቤይ ገዛን። ከሁለት ዓመት በላይ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። በባሕር ይዘናት ልንወርድ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ካታሊና ደሴት መልሕቅ ጥለን ማደር እናስባለን። የምናቆምበት ማሪና ግን ‹ታችዋ መጽዳቱን የሚያሳይ ማስረጃ አምጡ› አለን። መጤ ዝርያ የሚያመጡት በሆዳቸው ውሃ ጭነው የሚመጡት ትልልቅ መርከቦች አይደሉም እንዴ? የእኛዋ እንዲህ ዓይነት ታንክ የላትም። ሻጩ ‹በምትነሱበት ጠዋት ጠላቂ አስገብቼ በነፃ አስፈትግላችኋለሁ› ብሎናል። አንዱ ጓደኛችን ደግሞ ‹ደርሰን እዚያው ብናስጸዳት ይሻላል፤ ለነገሩ እዚህ ያለው አረም እዚያም አለ› ባይ ነው። ማን ነው ልክ? ነገሩስ እንደ ጣናው እምቦጭ ነው?»

ምላሽ፦

ማሪናው ልክ ነው። ሻጩ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል። ጓደኛችሁ ግን ተሳስቷል፤ ከቀረቡት ሐሳቦች ጉዳት የሚያመጣው የእሱ ነው። ባጭሩ ልንገራችሁ፦ ጀልባዋን ከመነሳታችሁ በፊት እዚያው ቤይ ኤሪያ ከውሃ አስወጧት፣ አስጸዷት፣ አድርቋት፣ አስቀቧት፣ ከዚያ ውረዱ። ምክንያቱን ግን ማወቅ አለባችሁ። ካላወቃችሁ «የቢሮ ጣጣ ነው» ብላችሁ አንዱን ነገር መዝለላችሁ አይቀርም።

ስለ ትልልቆቹ መርከቦች የሰማችሁት ውሸት አይደለም። ጭነቱን ያራገፈ መርከብ ሚዛኑን እንዲጠብቅ ታንኮቹን በባሕር ውሃ ይሞላል። ባላስት የሚባለው ይህ ነው። ከውሃው ጋር እጩም፣ እንቁላሉም፣ በዓይን የማይታየውም ሁሉ አብሮ ይሳፈራል። ሌላ ወደብ ሲደርስ አብሮ ይወርዳል። ይህን የሚቆጣጠር ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2004 ወጥቶ በ2017 ሥራ ላይ ውሏል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ባላስት ግን አንዱ በር ነው። ሌላው በር የጀልባዋ ሆድ ነው፤ የውስጡ ሳይሆን የውጪው፣ ውሃ ውስጥ የሚቀመጠው ክፍል። በዚህ በር ለመግባት ታንክ አያስፈልግም። ተለጥፎ መሄድ ይበቃል።

ሥራው እንዲህ ነው። ንጹሕ ነገር የባሕር ውሃ ውስጥ ሲገባ በሰዓታት ውስጥ ባክቴሪያ ይይዘዋል። በቀናት ውስጥ ቀጭን አተላ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉ እጮች ያን አተላ እየመረጡ ያርፉበታል፦ ባርናክል (ድንጋይ መሳይ ቅርፊት ያለው ተለጣፊ)፣ ሙስል (ባለ ሁለት ክዳን ቅርፊት)፣ የባሕር ትል፣ ብራዮዞን (ጥቃቅን እንስሳት ተያይዘው የሚሠሩት ንጣፍ)፣ ቱኒኬት (ከረጢት መሳይ ለስላሳ እንስሳ)፣ የባሕር አረም። ባርናክሉ ላይ አረም ይበቅላል፤ አረሙ ሥር ትንንሽ ሸርጣን ይደበቃል። ሁለት ዓመት የቆመች ጀልባ ሆድ ላይ ያለው እንግዲህ አንድ ዝርያ ሳይሆን ሙሉ ሰፈር ነው።

ለማመን ካቃታችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ማድረግ የነበረባችሁን አሁን አድርጉ። ማሪናው ላይ በደረታችሁ ተኙና ክንዳችሁን እስከ ብብታችሁ ውሃ ውስጥ አስገቡ። ጓንት አድርጉ፤ ባርናክል ይቆርጣል። መጀመሪያ የምትነኩት የሚያሟልጭ አተላ ነው። ዝቅ ስትሉ የሚሻክረው ባርናክል ነው። ጣታችሁ ላይ እንደ ስስ ብስኩት ስብር የሚል ቀይ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቅጠል ካገኛችሁ ብራዮዞን ነው፤ ምናልባትም ዋተርሲፖራ የሚሉት። ስትጨብጡት ውሃ የሚተፋ ለስላሳ ቱቦ ካለ ደግሞ ቱኒኬት ነው። ውሃ የማይገባው ካሜራ ከዘንግ ጋር አስራችሁ መሪውንና ፕሮፔለሩን ፎቶ አንሱ። የሚታየው ነገር ሻጩ «ትንሽ ሣር ነው» ከሚለው የሚበልጥ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት። «ትንሽ ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምትሄደው፣ ሁለት ዓመት የትም አልሄደችም» የሚለውን ሰው እንደ መከላከያ ያቀርበዋል። ሦስቱም በእናንተ ላይ የሚመሰክሩ ናቸው። ዕቃ ጫኝ መርከብ ወደብ የሚቆየው ብዙውን ጊዜ ሰዓታት ወይም ጥቂት ቀናት ነው። ከዚያ ከ15 እስከ 20 ኖት (በሰዓት ያን ያህል ኖቲካል ማይል) ይገሠግሣል። በዚያ ፍጥነት ለስላሳው ፍጥረት ተቦጫጭቆ ይቀራል። የእናንተ ጀልባ ሲቀናት 5 ኖት ብትሄድ ነው። በ5 ኖት ቱኒኬቱ አይነቀልም። እንዲያውም ንጹሕ ውሃ እየተላለፈለት ምግቡን እየበላ ይጓዛል። ከሳን ፍራንሲስኮ ሎስ አንጀለስ ወደ 370 ኖቲካል ማይል ነው፤ ሳትቆሙ ብትሄዱ ሦስት ቀን ገደማ። እናንተ ግን ትቆማላችሁ። ሃፍ ሙን ቤይ፣ ሞንተሬይ፣ ሞሮ ቤይ፣ ሳንታ ባርባራ። በየአንዳንዱ ማደሪያ ተሳፋሪዎቻችሁ የመውረድ ዕድል አላቸው።

በዚያ ላይ ሕጉ ሲጻፍ ዓይኑ ትልልቆቹ ላይ ነበር። ካሊፎርኒያ በመርከብ ሆድ ላይ ስለሚለጠፍ ፍጥረት ያወጣችው ደንብ ከ2017 ጀምሮ ይሠራል፤ የሚመለከተው ግን መጠናቸው 300 ግሮስ ቶንና ከዚያ በላይ የሆኑትን መርከቦች ነው። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ከ24 ሜትር በታች ለሆኑ የመዝናኛ ጀልባዎች በ2012 መመሪያ አውጥቷል፤ እሱም በፈቃደኝነት የሚከበር ነው። ስለዚህ ማስረጃ የሚጠይቃችሁ ማሪናው ራሱ መሆኑ አይግረማችሁ። በሩን የሚጠብቅ ሌላ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ኒውዚላንድ ብትሄዱ ነገሩ ሌላ ነው። ከግንቦት 2018 ጀምሮ ከውጭ የምትመጣ ማንኛዋም ጀልባ፣ ትንሽ ሆነች ትልቅ፣ ሆዷ ንጹሕ ሆኖ መድረስ አለበት። እኔ ሌሎቹም አገሮች ይህን ቢኮርጁ ደስ ይለኛል።

ማሪና ራሱ ለእነዚህ ፍጥረታት የተሠራ ቤት ይመስላል። ተንሳፋፊው መተላለፊያ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል አብሮ ከፍ ዝቅ ስለሚል ሥሩ የተለጠፈው ሁልጊዜ ከውሃው ገጽ እኩል ርቀት ላይ ነው። ጥላ አለው። ከወለል ተነስቶ የሚበላው ኮከብ ዓሣ አይደርስበትም። ሞገድ የለም። አገር በቀሎቹ ዓለት የለመዱ ናቸው፤ ፕላስቲክና ኮንክሪት የሚመቸው ለመጤዎቹ ነው። አንዱ ማሪና ደግሞ ከሌላው ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ስለዚህ ከማሪና ወደ ማሪና የምትሄድ ጀልባ መንገደኛዋን ከለመደው ቤት አንስታ ተመሳሳይ ቤት በር ላይ ታወርደዋለች። ይህ ባይኖር ኖሮ ብዙዎቹ ሩቅ አይሄዱም። የቱኒኬት እጭ የሚዋኘው ከደቂቃዎች እስከ አንድ ቀን ቢሆን ነው፤ ከዚያ ተለጥፎ ይቀራል። በራሱ ጉልበት ከወደብ ወደ ወደብ አይደርስም።

የዚህ ጥሩ ምሳሌ ኡንዳሪያ ነው። ጃፓን ምግብ ቤት ሾርባ ውስጥ የምታገኙት ዋካሜ የሚሉት አረንጓዴ አረም ነው። አገሩ ምሥራቅ እስያ ነው። በ2000 ሎስ አንጀለስ ወደብ ውስጥ ተገኘ። በ2001 ካታሊና ደሴት ላይ ታየ። በዚያው ዓመት ሞንተሬይ ወደብ ገባ። በ2009 ሳን ፍራንሲስኮ ተገኘ፤ በጎ ፈቃደኞች ከመተላለፊያዎቹ ሥር በእጅ እየነቀሉ ታገሉት። በ2016 ደግሞ የተጠበቀ የባሕር ክልል ከሆነችው ከአናካፓ ደሴት ተገኘ። አንዱ ተክል በሚሊዮን የሚቆጠር ስፖር (ዘር መሰል ደቂቅ) ይለቃል፤ ስፖሩ ግን ከእናቱ ብዙም ርቆ አይሄድም። በመቶ ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠረውን ዝላይ የሚዘለው ጀልባ ላይ ተለጥፎ ነው። በጣም የሚያስቸግረው ደግሞ ትልቁ ቅጠል ሳይሆን ከስፖሩ የሚወጣው ደቃቅ የዕድገት ደረጃ ነው። በዓይን አይታይም፤ እርጥብ ስንጥቅ ውስጥ ከውሃ ውጪ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። «አይተናል፣ ምንም የለም» የሚለው ቃል ብዙ የማይታመነው ለዚህ ነው።

አንድ መዝናኛ ጀልባ የምታመጣው ነገር ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ማየት የሚፈልግ የአውስትራሊያዋን ዳርዊን ይመልከት። እዚያ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ከፍታው እስከ ስምንት ሜትር ይለዋወጣል። ስለዚህ ማሪናዎቹ በር አላቸው፤ ጀልባ የሚገባውና የሚወጣው በሩ ተከፍቶለት ነው። በ1998 ውስጥ ጠላቂዎች ከለንበይ ማሪናን ፈትሸው ምንም አላገኙም። በመጋቢት 1999 ሲመለሱ መተላለፊያውና ጀልባው ሁሉ ጥቁር መስመር ባለው ትንሽ ሙስል ተሸፍኗል። አገሩ ሞቃታማው የመካከለኛው አሜሪካ ባሕር ነው። በካሬ ሜትር ከ20,000 በላይ ደርሶ ነበር። በስድስት ወር ውስጥ! ሁለት ሌሎች ማሪናዎችም ገብቶባቸዋል። ያመጣው የመዝናኛ ጀልባ እንደሆነ ነው የሚታመነው።

የግዛቱ መንግሥት አላመነታም። በሮቹን ዘጋ፤ ጀልባ እንዳይወጣ አገደ። ውሃው ውስጥ ከ150 ቶን በላይ ፈሳሽ በረኪናና በርካታ ቶን የመዳብ ሰልፌት ጨመረበት። ማሪናዎቹ ውስጥ የነበረው ሕይወት ያለው ነገር፣ ዓሣውን ጨምሮ፣ አለቀ። አስቀድመው የወጡት ጀልባዎች አንድ በአንድ እየታደኑ ተፈተሹ። በአንድ ወር ገደማ ሙስሉ ጠፋ። ወጪው ከ2 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ነበር። ይህን ታሪክ ሰዎች እንደ ድል ይተርኩታል፤ ድል ነው። ግን የተቻለው ማሪናው በር ስለነበረው ነው። ሎስ አንጀለስም ሆነ ሳን ፍራንሲስኮ እንዲህ ዓይነት በር የላቸውም። ዌልስ ሆሊሄድ ላይም ሞክረውት ነበር። በ2008 ማሪናው ውስጥ ዲደምነም የሚባል ምንጣፍ መሳይ ቱኒኬት ሲገኝ ተንሳፋፊዎቹን ሁሉ በፕላስቲክ ጠቀለሏቸው። የጠፋ መሰለ። ተመልሶ መጣ።

ዲደምነምን ያነሳሁት በአጋጣሚ አይደለም፤ ሳን ፍራንሲስኮ ቤይ ውስጥም አለ። ያ ቤይ በዓለም በመጤ ዝርያ ብዛት ስማቸው ከሚነሳ የውሃ አካላት አንዱ ነው። በ1990ዎቹ በተደረገ ጥናት ከ200 በላይ መጤ ዝርያዎች ተቆጥረውበታል፤ ከ1961 እስከ 1995 ባለው ጊዜ በአማካይ በየ14 ሳምንቱ አንድ አዲስ ይገባበት ነበር። እናንተ ጀልባ የገዛችሁት ከዚህ ቦታ ነው። ዝም ብሎ ከቆመ ጀልባ ሁሉ የከፋው ምድብ ውስጥ ናችሁ ማለት ነው።

«ቀለም ተቀብታለች እኮ» ትሉ ይሆናል። ሻጩም ሳይላችሁ አልቀረም። ፍጥረት እንዳይለጠፍ የሚቀባው ቀለም አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው መዳብ ቀስ በቀስ እየለቀቀ ነው። ብዙዎቹ ቀለሞች ደግሞ ጀልባዋ ስትንቀሳቀስ ላያቸው እየተፋቀ አዲስ ገጽ እንዲወጣ ታስበው የተሠሩ ናቸው። የቆመች ጀልባ አይፋቅላትም። ሁለት ዓመት ለአብዛኛው ቀለም ዕድሜው ያለቀበት ነው። በዚያ ላይ መዳብ የማይበግራቸው አሉ። ቅድም ጣታችሁ ላይ ይሰበራል ያልኳችሁ ዋተርሲፖራ ዋናው ነው። መርዙን ችሎ ቀለሙ ላይ ይነጠፋል። ከዚያ ቀለሙን የማይችሉት ሌሎች እሱ ላይ ይሰፍራሉ። እሱ መሬት ሆነላቸው ማለት ነው። ቀለም የማይደርስባቸው ቦታዎችም አሉ። ባለፈው ጊዜ ጀልባዋ ቦትያርድ (ጀልባ ከውሃ ወጥቶ የሚጠገንበት ግቢ) ስትቀባ ድጋፉ የተተከለበት ቦታ ሳይቀባ ይቀራል። የኪሉ (ከሆዷ ሥር የወረደው ሚዛን ጠባቂ) ታች፣ የመሪው ማጠፊያ፣ የፕሮፔለሩ ዘንግ፣ ዚንኩ (ሌላው ብረት እንዳይበላ የሚታሰረው)፣ ውሃ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች፣ የሞተሩ የባሕር ውሃ ማጣሪያ። ሜዳው ንጹሕ ሆኖ እንኳ ዋናው ሕዝብ እነዚህ ጓዳዎች ውስጥ ነው የሚገኘው።

የሻጩ ጠላቂ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። በመነሻ ቦታ መፈተጉ በራሱ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ የሚፋቀው የሚረግፈው በኖረበት ውሃ ውስጥ ነውና። ግን ሁለት ዓመት የተጠራቀመ ጠንካራ ነገር ውሃ ውስጥ ሲፋቅ ሜዳው ይነጻል፣ ጓዳው ይቀራል። ቀለሙ አብሮ ይቆስላል፤ የቆሰለው ቦታ ከበፊቱ ፈጥኖ ይያዛል። የባርናክሉ ነጭ መሠረት ስለሚቀር ለአዲሱ እጭ ጥሩ መያዣ ነው። መዳቡም ደመና ሆኖ ውሃው ውስጥ ይበተናል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በሳን ዲዬጎና በማሪና ዴል ሬይ ጀልባ መቆሚያዎች ውሃ ውስጥ ያለው መዳብ ስለበዛ ተቆጣጣሪዎች እንዲቀንስ አዝዘዋል። ሻጩን «አመሰግናለሁ፣ ለጠላቂው የምትከፍለውን ከዋጋው ቀንስልን» በሉት። ለቦትያርዱ ይሆናችኋል።

ደርሰን እናስጸዳት የሚለው ደግሞ መንገደኞቹን በር ድረስ አድርሶ ማራገፍ ነው። ውሃ ውስጥ ከሆነ በጣም የከፋ ነው። ዲደምነምን የመሰለ ቱኒኬት ሲቆራረጥ አይሞትም፤ ቁራጩ ተንሳፍፎ ያረፈበት ይተከልና አዲስ ይሆናል። አንዱን መቶ አደረጋችሁት ማለት ነው። ከውሃ አውጥታችሁ ብታስጸዷትም ተራ ደርሷችሁ እስክትወጣ ድረስ ማሪናው ውስጥ ትቆማለች። ከቀዝቃዛው የሰሜን ውሃ ፖይንት ኮንሴፕሽን የሚባለውን የባሕር ዳርቻ ጫፍ ዞራችሁ ሞቅ ወዳለው ስትገቡ የሙቀቱ ለውጥ ራሱ አንዳንዶቹን እንቁላልና ዘር እንዲለቁ ሊገፋቸው ይችላል። በጥቂት ቀን ውስጥ ሥራቸውን ጨርሰው እናንተ ባዶ ቅርፊት ታስፍቃላችሁ።

«እዚያም አለ» የሚለው አነጋገርም አይበቃም። አንዳንዱ አለ። ሁሉም ግን የለም። ሳን ፍራንሲስኮ ያለው ሁሉ ሎስ አንጀለስ ቢኖር ኖሮ ማሪናው አይጠይቃችሁም ነበር። ያለውም ቢሆን የትም ቦታ አይደለም፤ ወደብ ውስጥ ያለ ነገር ደሴቱ ላይ አለ ማለት አይደለም። እናንተ ደግሞ ቀጥሎ የምትሄዱት ወደ ደሴቱ ነው።

ስለ እምቦጭ ጠይቃችኋል። የሚመሳሰሉበት አለ፦ መጤ ነው፣ የሚያቆመው ጠላት የለውም፣ ከያዘ በኋላ ማጥፋት ከመከላከል እጅግ ይከብዳል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። እምቦጭ ተንሳፋፊ ነው፤ ጣና ላይ ነፋስና ሞገድ ይነዱታል፤ ሁሉም ሰው ያየዋል። የእናንተው ውሃ ሥር ነው፣ ራሱ አይሄድም፣ እናንተ ናችሁ የምትወስዱት። ስለዚህ ከእምቦጭ ይልቅ ለመከላከል ይቀላል፤ መንገዱ የታወቀ ነውና። ከኳጋ ሙስልም ጋር አታምታቱት። ከ2007 ጀምሮ ከሌክ ሚድ ተነስቶ የምዕራቡን ሐይቆች ያስጨነቀው እሱ ጨው የሌለው ውሃ ፍጥረት ነው፤ ባሕር ውስጥ አይኖርም። መንገድ ላይ የምታዩት የጀልባ ፍተሻና ተለጣፊ ለእሱና ለመሰሎቹ ነው። ያ ፍተሻ ስለ እናንተ ጀልባ ምንም አይናገርም።

ካታሊና ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ መልሕቅ። ሰው ሆዷን አጽድቶ መልሕቁን ይረሳዋል። መልሕቅ ወለሉን ቆፍሮ አረሙን ይነቅላል፤ ሰንሰለቱ ጭቃና ቁራጭ ይዞ ጨለማና እርጥብ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ኮሌርፓ የሚባለው አረም በ1984 ሞናኮ ባሕር ላይ አንድ ካሬ ሜትር ገደማ ሆኖ ተገኘ። ከአኳሪየም ነው ያመለጠው። ከዚያ ከወደብ ወደ ወደብ ያመላለሰው በዋናነት መልሕቅና መረብ ነው፤ እርጥብ የመልሕቅ ሳጥን ውስጥ እስከ 10 ቀን ይቆያል። ካሊፎርኒያም ደርሶባታል፦ በ2000 ካርልስባድ ከተማ ከባሕር ጋር በተገናኘ ሐይቅ ውስጥ ሲገኝ በሸራ ሸፍነው ክሎሪን እየለቀቁበት እስከ 2006 ታገሉት። የቅርብ ዘመዱ በ2021 ኒውፖርት፣ በ2023 ሳን ዲዬጎ ቤይ ተገኝቷል። ከአንድ ቁራጭ ቅጠል እንደገና ይበቅላል። አስቡት እንግዲህ።

እኛ የምናውቀው ሰፈር ተክልም በዚህ ዝርዝር ውስጥ አለበት። ሃሎፊላ የሚባል የባሕር ሣር አገሩ ቀይ ባሕርና የፋርስ ባሕረ ሰላጤ ነው፤ ጅዳ ወይም ዱባይ የዋኘ ሰው ሳያውቀው ረግጦት ይሆናል። ስዊዝ ከተቆፈረ በኋላ ወደ ሜዲትራኒያን ወጣ፤ በ1894 ሮድስ ላይ ተመዘገበ። በ2002 አትላንቲክን ተሻግሮ ካሪቢያን ውስጥ ግሬናዳ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ከደሴት ደሴት ዘለለ፤ የሚጠረጠሩት የመዝናኛ ጀልባዎች መልሕቅና የዓሣ ወጥመድ ናቸው። በ2024 ፍሎሪዳ ገባ፤ የተገኘውም ማያሚ አጠገብ ማሪና ውስጥ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ቤይ ኤሪያ ውስጥ ያለ ቦትያርድ ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ። ሂሳቡ ብዙውን ጊዜ በጫማ ነው፤ ርዝመቷን አዘጋጁ። መጠየቅ ያለባችሁ አንድ ጥያቄ «የታጠበበትን ውሃ ወደ ባሕር ሳትለቁ ታጠራቅማላችሁ?» የሚል ነው። አዎ ካላሉ ሌላ ፈልጉ። ጀልባዋ በማንሻ ወጥታ በከፍተኛ ግፊት ውሃ ትታጠብ። ከዚያ እናንተው ካቻቪቴና መፋቂያ ይዛችሁ ጓዳዎቹን ግቡባቸው፦ የመሪውን ክፍተት፣ ፕሮፔለሩን፣ ቀዳዳዎቹን በባትሪ እያበራችሁ። ማጣሪያውን ፍቱና አጽዱት። ሞተሩን ጨው በሌለው ውሃ እጠቡት። በረኪና ግን ወደ ሞተሩ እንዳትለቁ፤ ጎማውንና ብረቱን ይበላዋል። ውሃ ውስጥ ተንጠልጥለው የከረሙትን ገመዶችና መከላከያ ኳሶች አትዘንጉ፤ የከረመ ገመድ እኔ ብሆን እጥለዋለሁ። የመልሕቁን ሰንሰለት በሙሉ አውጥታችሁ እጠቡና ሳጥኑን ክፍት አድርጋችሁ አድርቁ።

ከዚያ ቢያንስ አንድ ሳምንት ከውሃ ውጪ ትድረቅ። ለስላሳዎቹ በአንድ ሁለት ቀን ይሞታሉ። ሙስልና ባርናክል ግን አፋቸውን ዘግተው ቀናት ይቆያሉ፤ የሳን ፍራንሲስኮ ጉም ደግሞ ያግዛቸዋል። ከቻላችሁ ሁለት ሳምንት አድርጉት። በመጨረሻ ትቀባ፤ ድጋፉን አዛውረው ሥሩን ጭምር እንዲቀቡ ንገሯቸው፤ ካልነገራችኋቸው ላያደርጉት ይችላሉ። ካሊፎርኒያ ከ2018 ጀምሮ ቀለም የሚለቀውን መዳብ ገድባለች፤ ቦትያርዱ የተፈቀደውን ያውቃል። የሲሊኮን ቀለም ሊሸጥላችሁ የሚሞክር ይኖራል። እሱ ጥሩ የሚሠራው ፈጥኖ ለሚሄድ ጀልባ ነው፤ በ5 ኖት ራሱን አያጸዳም።

ውሃ ውስጥ ማጽዳት ክልክል ነው ብያችሁ እንዳታስቡ። ሎስ አንጀለስ ከገባችሁ በኋላ ገና አተላ ብቻ ሳለ ጠላቂ በለስላሳ ጨርቅ ቢጠርግላችሁ መልካም ነው። አተላው እዚያው የበቀለ ነው፤ ቀለሙም አይጎዳም። ጠንካራ ፍጥረት እስኪይዛት አትጠብቁ ነው። ወደ ካታሊና ከመሄዳችሁ ጥቂት ቀን በፊት ማስጠረግ ልማድ ይሁንላችሁ። እዚያም ሙሪንግ (ከወለሉ ጋር የተያያዘ ቋሚ ተንሳፋፊ ማሰሪያ) ካገኛችሁ እሱን ያዙ። መልሕቅ ከጣላችሁ አሸዋ ላይ ጣሉት፤ ስታወጡት ቅጠል ካንጠለጠለ እዚያው ቦታ አራግፉት፣ ይዛችሁት አትሂዱ። የማታውቁት አረም ካያችሁ አትንቀሉ፤ ፎቶ አንሱና ቦታውን ለስቴቱ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት አሳውቁ። በጥሩ ልብ የተነቀለ አረም ብዙ ቁራጭ ሆኖ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ ብታደርጉም ከጀልባዋ ጋር የሚሄድ ምንም የለም ብዬ አልፈርምላችሁም። ጓዳ ሁሉ አይደረስበትም። በየማደሪያችሁም አዲስ እጭ ሊያርፍባት ይችላል። ስለዚህ መንገድ ላይ አትንቀራፈፉ። ሞንተሬይ ለአንድ ሌሊት ማደርና ለሦስት ሳምንት መቆም አንድ አይደሉም። ሞተር ተበላሽቶ አንድ ወደብ ረዘም ላለ ጊዜ ከቀራችሁ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ሆዷን በካሜራ እዩትና ለስላሳ ጠረጋ አስደርጉ።

የቦትያርዱን ደረሰኝ ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ ያዙ። ከመታጠቧ በፊትና በኋላ የመሪውን፣ የፕሮፔለሩንና የኪሉን ፎቶ አንሱ፤ ስልኩ ላይ ቀኑ አለ። የማሪናው ሰው የሚፈልገው ይህንኑ ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁት፤ ደረሰኙ ከስንት ቀን በላይ ከሆነው እንደማይቀበል። ቀጠሯችሁን ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩት።